የሉሲን የወዳጅነት ጨዋታ እንዴት እንይ? ውጤቱን ለመጨረሻ አቆዩት

ሉሲዎቹ (የሴቶች ብሄራዊ ቡድናችን) የወዳጅነት ጨዋታ ባደረጉ ቁጥር ማታ ላይ የሚሆነው ያው ነው፣ ካሸነፉ «ዘንድሮማ አፍሪካ ዋንጫ ገብተናል»፣ ከተሸነፉ ደሞ «ይሄ ቡድን ይበተን»፣ የሚገርመው ሁለቱንም የሚለው ሰው አብዛኛው ጨዋታውን ያላየ፣ ውጤቱን ብቻ ቴሌግራም ላይ ያነበበ ነው። የወዳጅነት ጨዋታ እኮ ሞዴል ፈተና ነው በቃ፣ ሞዴል ላይ አሪፍ ያመጣ ተማሪ ዋናው ላይ ሊወድቅ ይችላል፣ ሞዴሉ የሚጠቅመው የቱ ምዕራፍ ላይ እንደሚደክም ሲያሳየው ነው። እና እዚ የምፅፍላችሁ ጨዋታው ሳይጀመር፣ እየተካሄደ እና ካለቀ በኋላ ምን ምን ማየት እንዳለባችሁ ነው። ምሳሌ ከኛም ከውጪም አመጣለሁ፣ ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምፅፈው እንዳትምታቱ።

መጀመሪያ ተጋጣሚዋን እወቁ። ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። በ2021 ኤፕሪል ላይ ሉሲ ደቡብ ሱዳንን በወዳጅነት 11 ለ 0 አሸነፈች፣ ሰዉ አበደ፣ እኔም ደስ ብሎኛል አልዋሽም፣ ግን የደቡብ ሱዳን የሴቶች ቡድን የመጀመሪያ ይፋዊ ጨዋታውን ያደረገው በ2019 ሴካፋ (የምስራቅ እና መካከለኛው አፍሪካ ሀገራት ውድድር) ላይ ነበር፣ ማለትም ገና ዳዴ የሚል ቡድን ነው። በዛው ዓመት ኦክቶበር ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከዩጋንዳ ጋር ስንገናኝ እዛ 2 ለ 0 ተሸነፍን፣ እዚ 2 ለ 0 አሸነፍን፣ ከዛ በፍፁም ቅጣት ምት ወጣን። 11 ጎል ያገባው ቡድን በደርሶ መልስ 180 ደቂቃ ተጫውቶ 2 ጎል ነው ያገባው። ይሄ ማለት የደቡብ ሱዳኑ ጨዋታ ጥቅም አልነበረውም ማለት አይደለም፣ አጥቂዎች ጎል ማግባት ይለምዳሉ፣ አዲስ ልጅ ማልያውን ትለብሳለች፣ ጎረቤትም ይጠቀማል፣ ግን ተከላካዮቻችን በዛ ጨዋታ ላይ ምንም አልተፈተኑም፣ ስለነሱ ከዛ ጨዋታ የምታውቁት ነገር ዜሮ ነው።

ስለዚ ጥያቄያችሁ «ተጋጣሚዋ ትልቅ ናት ወይስ ትንሽ» ሳይሆን «ቀጥሎ በማጣሪያ የምናገኛትን ትመስላለች ወይ» መሆን አለበት። ቀጣዩ ማጣሪያ ፈጣን የመስመር አጥቂዎች ካሏት ሀገር ጋር ከሆነ ወደኋላ አፈግፍጋ ከምትከላከል ቡድን ጋር መጫወት ብዙም አያዘጋጅም፣ በተቃራኒው ኳስ ይዘን በር ማስከፈት የሚጠበቅብን ጨዋታ ከሆነ ደሞ ያፈገፈገ ቡድን ነው የሚያስፈልገን። ፌዴሬሽን ግጥሚያ ሲያሳውቅ መጀመሪያ ይሄን አገናኙት፣ ካልተገናኘላችሁ ምናልባት የተገኘው ተጋጣሚ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው፣ ይሄ በኛ ሀገር ብዙ ጊዜ እውነቱ ነው፣ የአውሮፕላን ትኬት እና ሆቴል ማን ይክፈል የሚለው ነገር ከታክቲክ በፊት ይመጣል።

ቀጥሎ ቦታው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት፣ ከቆላ የመጣ ቡድን እዚ ሲጫወት ከእረፍት በኋላ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ኳሱም አየሩ ስለሳሳ ከለመዱት በላይ ይሄድባቸዋል። በ2023 ኦክቶበር የኦሎምፒክ ማጣሪያ ላይ ናይጄሪያን አዲስ አበባ ላይ 1 ለ 1 ይዘናት ነበር፣ ናይጄሪያን! ከስድስት ቀን በኋላ አቡጃ ላይ 4 ለ 0። ሁለቱም ቡድኖች ያው ናቸው፣ የተቀየረው ሜዳው፣ ሙቀቱ፣ ጉዞው እና ደጋፊው ነው (ናይጄሪያዎችም ቤታቸው ሲሆኑ ሌላ ሰው ነው የሚሆኑት)። ከዚ የምትወስዱት ነገር ምንድነው፣ ሉሲ አዲስ አበባ ላይ የምታደርገው የወዳጅነት ጨዋታ ግማሹን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ከሜዳ ውጪ፣ በተለይ ዝቅ ያለ ሞቃት ቦታ ላይ የተደረገ የአቋም መለኪያ ካለ ብትሸነፍም እሱን በደንብ እዩት፣ እኔ በበኩሌ እዚ ከሚገኝ 3 ለ 0 ድል ይልቅ ዳሬሰላም ወይ ካምፓላ ላይ የተገኘ 1 ለ 1 ነው የሚያሳምነኝ።

አሰላለፉ ሲወጣ ስክሪንሹት አድርጉ። አብዛኛው ጊዜ ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው በፌዴሬሽኑ ገፅ ወይም ሶከር ኢትዮጵያ ድረ ገፅ ላይ ይወጣል፣ በኋላ ላይ ማን በማን እንደተቀየረች ለማመሳከር ይጠቅማችኋል። አሰላለፉ ላይ ሁለት ነገር ቁጠሩ። አንደኛ ስንቶቹ ከአንድ ክለብ ናቸው፣ ምክንያቱም ንግድ ባንክ ሴቶቹ ላይ ለዓመታት ኃያል ስለሆነ (በ2024 የሴካፋን ዞን ማጣሪያ አልፎ ሞሮኮ ላይ የካፍ ሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ የተጫወተ ክለብ ነው) አንዳንዴ ብሄራዊ ቡድኑ ላይ የምታዩት መግባባት ከክለብ የመጣ ነው፣ አሰልጣኙ በሳምንት ካምፕ የገነባው አይደለም። ይሄ መጥፎ አይደለም፣ ግን ከባንክ ያልሆነችው አማካይ ስትገባ ጨዋታው የሚበላሽ ከሆነ ችግሩ የልጅቷ ላይሆን ይችላል፣ አብራቸው ስላልተጫወተች ብቻ ነው። ሁለተኛ ማን ቀረች፣ ለምን ቀረች። ስፔን በ2022 ኦክቶበር አሜሪካንን ፓምፕሎና ላይ 2 ለ 0 ስታሸንፍ 15 ተጫዋቾች ከፌዴሬሽኑ ጋር ተጣልተው አልነበሩም፣ ያን ቀን «ሁለተኛ ቡድን» ሲባሉ የነበሩት ልጆች ያሳዩት ነገር በሚቀጥለው ዓመት የዓለም ዋንጫ ያነሳው ቡድን መሰረት ውስጥ ነበር፣ ከቀሩት ውስጥ የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው። ያን ውጤት ሰዉ እንደ አጋጣሚ ነበር ያየው፣ አሰላለፉን ያነበበ ሰው ግን ስፔን ጥልቀት እንዳላት ያኔውኑ ገብቶታል።

አሁን ወደ ጨዋታው፣ ዋናው ነገር እዚ ነው እና ትንሽ ታገሱኝ።

የወዳጅነት ጨዋታን 90 ደቂቃ አድርጋችሁ አትዩት። ይፋዊ ውድድር ላይ ቅያሪ 5 ነው፣ ወዳጅነት ላይ ግን ይበልጣል። ስለዚ ከእረፍት መልስ ሶስት አራት ሰው ባንዴ ይቀየራል፣ ከዛ በኋላ የምታዩት ሌላ ጨዋታ ነው። እኔ የማደርገው እንደዚ ነው፣ የመጀመሪያው የጅምላ ቅያሪ እስከሚመጣ ያለውን «ጨዋታ አንድ» እለዋለሁ፣ ከዛ በኋላ ያለውን «ጨዋታ ሁለት»፣ ጎሎቹንም ለየብቻ እፅፋለሁ። 3 ለ 1 ተሸነፍን ሲባል ጨዋታ አንድ 0 ለ 0 ሆኖ ሶስቱም ጎል የተቀያሪዎች ሰዓት ላይ ከገባ ያ ስለ ቋሚዎቹ ምንም አይልም፣ ስለ ተቀያሪ ወንበራችን ግን ብዙ ይላል። በተቃራኒው ተጋጣሚዋ ልጆቿን ስትቀያይር ጠብቀን ሁለት አግብተን አሸነፍን ካልን ራሳችንን ነው የምናታልለው።

ከዛ አራት ነገር ብቻ መዝግቡ፣ ወረቀትም ይሁን ስልካችሁ ላይ። ከአራት በላይ ከሞከራችሁ ጨዋታውን ማየት ታቆማላችሁ። የመጀመሪያው በራሳችን ሜዳ ኳስ የተነጠቅንበት ቦታ ነው፣ ስንት ጊዜ ብቻ ሳይሆን የት፣ ግራ መስመር ላይ ነው ወይስ መሀል፣ ምክንያቱም ጠንካራ ቡድኖች እኛን የሚቀጡን በአብዛኛው ራሳችን ከሰጠናቸው ኳስ ነው። ሁለተኛ በረኛዋ ኳስ ስትይዝ ምን ታደርጋለች፣ ሁሌ ወደ ላይ የምትለጋ ከሆነ ወይ ተከላካዮቹ ኳስ መቀበል ይፈራሉ ወይ አሰልጣኙ እንደዛ ብሏታል፣ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ተከላካዮቹ ሰፋ ብለው ይቆማሉ ወይስ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ላይ ይሮጣሉ የሚለውን እዩ፣ ከቆሙ እና እሷ ካልሰጠቻቸው ችግሩ እሷ ጋር ነው። ሶስተኛ የቆመ ኳስ፣ ማእዘን እና ቅጣት ምት፣ ሲመታብን ማን ማንን እንደያዘች፣ ሁለተኛው ቋሚ ጋር ማን እንዳለች፣ ይሄ በቁመት ከሚበልጡን ቡድኖች ጋር ስንጫወት ዋጋ የሚያስከፍለን ነገር ስለሆነ። አራተኛው በአማካዮች እና በተከላካዮች መካከል ያለው ክፍተት 60ኛው ደቂቃ አካባቢ ምን ያህል እንደሆነ ነው፣ ሲደክማቸው አማካዮቹ አይመለሱም፣ ተከላካዮቹ ደሞ ፈርተው ወደ ሳጥኑ ይገባሉ፣ መሀሉ ሜዳ ባዶ ይቀራል። ስታዲየም ከሆናችሁ ይሄን ማየት በጣም ቀላል ነው፣ ከላይ ተቀመጡ እንጂ ሜዳው አጠገብ አትቀመጡ። ቴሌቪዥን ላይ ግን ካሜራው ኳሱን ስለሚከተል አስቸጋሪ ነው፣ ያኔ በረኛዋ ኳስ ስትመታ ሜዳው ሰፋ ብሎ በሚታይበት ቅፅበት ብቻ ተመልከቱ።

ይሄ ለምን እንደሚጠቅም ከሁሉ የበለጠ የሚያሳየው ጨዋታ ለኔ ዛምቢያ ከጀርመን ነው፣ ጁላይ 2023፣ ፉርት ከተማ፣ የዓለም ዋንጫው ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀር። ዛምቢያ 2 ለ 0 መራች፣ ጀርመን ባከነ ሰዓት ላይ ሁለት አግብታ አቻ አደረገች፣ ከዛ ባርብራ ባንዳ በ90+12 ሶስተኛውን አስቆጠረች፣ 3 ለ 2። አፍሪካ በሙሉ ጨፈረ። ውጤቱን ብቻ ያየ ሰው «ዛምቢያ የዓለም ዋንጫው ላይ ትነግሳለች» አለ፣ ዛምቢያ ግን በጃፓን 5 ለ 0፣ በስፔን 5 ለ 0 ተሸንፋ ኮስታሪካን ብቻ 3 ለ 1 አሸንፋ ተመለሰች። ጨዋታውን በደንብ ያየ ሰው ግን ሁለት ነገር ማንበብ ይችል ነበር። የጀርመን ተከላካዮች ከጀርባቸው ክፍት ቦታ ትተው ፈጣን አጥቂ ስትሮጥባቸው እንደሚረበሹ፣ እና ዛምቢያ ውጤት ይዛ ጨዋታ መዝጋት እንደማትችል። ጀርመንም ሞሮኮን 6 ለ 0 ካሸነፈች በኋላ በኮሎምቢያ ባከነ ሰዓት ላይ በገባ ጎል 2 ለ 1 ተሸንፋ ከደቡብ ኮሪያ ጋር 1 ለ 1 ወጥታ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድብ ተሰናበተች። በዛ ላይ ካሮሊን ሲሞን የምትባለዋ ተከላካያቸው በዛው የዛምቢያ ጨዋታ ጉልበቷን ተጎድታ የዓለም ዋንጫው አመለጣት። አሰልጣኞች ወዳጅነት ላይ ኮከባቸውን 45 ደቂቃ አጫውተው ሲያስቀምጡ የምንሳደበው ነገር ለዚ ነው አይገባኝም የምለው።

መሸነፍም እንደዛው ነው። ጃፓን በ2011 የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ወር ከምናምን ሲቀረው አሜሪካን ሄዳ ሁለት የወዳጅነት ጨዋታ አደረገች፣ 2 ለ 0 ተሸነፈች፣ ከአራት ቀን በኋላ እንደገና 2 ለ 0 ተሸነፈች። ፍራንክፈርት ላይ ፍፃሜው ከዛችው አሜሪካ ጋር ሆነ፣ 2 ለ 2 ወጥተው በፍፁም ቅጣት ምት 3 ለ 1 ጃፓን ዋንጫውን ወሰደች። እንግሊዝም በ2023 ኤፕሪል ብሬንትፎርድ ሜዳ ላይ በአውስትራሊያ 2 ለ 0 ተሸንፋ 30 ጨዋታ ያለመሸነፍ ጉዞዋ ተቋረጠ፣ ኦገስት ላይ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍፃሜ ራሷ አውስትራሊያ ሀገር 3 ለ 1 አሸነፈቻት። እንደዚ አይነት ሽንፈት ስታዩ የምትጠይቁት «ጎሉ እንዴት ገባ» ብቻ ነው፣ ሊስተካከል የሚችል ስህተት ነው ወይስ አቅም የለንም።

በዝግ የሚደረጉ እና ከወንድ ታዳጊዎች ጋር የሚደረጉ ጨዋታዎችን ደሞ ጭራሽ አትቁጠሩ። አውስትራሊያ በ2016 ከ16 ዓመት በታች በሆኑ ወንዶች 7 ለ 0 ተሸነፈች ተብሎ ተሳቀባት፣ አሜሪካም በ2017 በዳላስ ክለብ ከ15 ዓመት በታች ወንዶች 5 ለ 2 ተሸንፋለች፣ በ2019 የዓለም ዋንጫውን በላችው። ልምምድ ነው፣ ለፍጥነት ነው የሚያደርጉት፣ የኛም አሰልጣኞች ቢያደርጉት ማንም ስክሪንሹት ይዞ እንዳይሳለቅ።

እሺ ውጤቱስ ምንም ዋጋ የለውም? አለው፣ የፊፋ ደረጃ ላይ። እዚ ጋ ብዙ ሰው የወንዶቹን ስሌት ይዞ ይመጣል ግን የሴቶቹ ይለያል። የሴቶች ደረጃ በ2003 ነው የተጀመረው፣ እና ጨዋታው በክብደት ይባዛል፣ ተራ የወዳጅነት ጨዋታ 1፣ ሁለቱም ከዓለም 10ሩ አንደኞች ውስጥ ካሉ 2፣ ማጣሪያዎች 2 ወይም 3፣ ዓለም ዋንጫ 4። የሜዳዋ ባለቤት ስሌቱ ላይ 100 ነጥብ ተጨምሮላት ነው የምትታየው፣ ማለትም ቤትሽ ስለሆንሽ ማሸነፍ ይጠበቅብሻል እያሉ ነው። እና ዋናው ልዩነት እዚ ጋ የጎል ልዩነት ይቆጠራል፣ 1 ለ 0 የተሸነፈች ቡድን ዜሮ አይደለም የምታገኘው፣ ትንሽ ድርሻ አላት፣ ስለዚ በጣም የምትበልጣትን ሀገር ሜዳዋ ድረስ ሄዳ 1 ለ 0 ብትሸነፍ ነጥብ ልትጨምር ሁሉ ትችላለች፣ ደካማ ቡድንን ቤቷ ጠርታ 1 ለ 0 ብታሸንፍ ደሞ ልትቀንስ ትችላለች። እስቲ አስቡት፣ አሸንፋ ደረጃዋ ወረደ ብለን ፊፋን ስንሳደብ የነበረው ለዚ ነው። ለዛ ነው በትልልቅ ቡድን መጠነኛ ሽንፈት መሸነፍ ኪሳራ አይደለም የምለው፣ ኪሳራው ዓመቱን ሙሉ ያለ ጨዋታ መቀመጥ ነው፣ ሉሲን ከውጤት በላይ የጎዳት ነገር እሱ ይመስለኛል፣ በ2004 ደቡብ አፍሪካ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ የወጣች ቡድን ናት እኮ።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ የፃፋችሁትን አታጥፉት። አንድ ጨዋታ ምንም አይልም፣ ሶስቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡት ነው ነገሩ የሚወጣው፣ ኳስ የምትነጠቅበት ቦታ ሶስቱም ላይ አንድ ከሆነ ያ አጋጣሚ አይደለም፣ ከቀየሩት ደሞ አሰልጣኙ ሰርቷል ማለት ነው፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን። ጋዜጠኛ ከሆናችሁ ደሞ እባካችሁ መግለጫ ላይ «ውጤቱን እንዴት አዩት» አትበሉ፣ መልሱ ሁሌ «ጥሩ ነበር፣ ክፍተቶቻችንን አይተናል» ነው፣ ክፍተቱ የቱ ነው በሏቸው፣ 60ኛው ደቂቃ ላይ ሁለቱን አማካዮች ባንዴ ለምን ቀየሩ በሏቸው፣ ያኔ ወሬ ይመጣል።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፣ ውጪ ስለሚጫወቱት። ክለብ ተጫዋቹን የመልቀቅ ግዴታ ያለበት በፊፋ የጨዋታ ካላንደር ቀኖች ብቻ ነው፣ ከዛ ውጪ በተያዘ ቀን ከሆነ ክለቡ እምቢ ማለት ይችላል፣ ማንም ምንም ሊለው አይችልም። የሉሲዋ አጥቂ ሎዛ አበራ ማልታ ቢርኪርካራ ክለብ እያለችም፣ በ2024 ወደ ዋሽንግተኑ ዲሲ ፓወር ስትሄድም ህጉ ያው ነው፣ ያን ያህል ርቀት ለአንድ ወዳጅነት ጨዋታ መመላለስ ራሱ ደሞ ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚ ዲሲ እና ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ልጆች፣ ስሟ ከዝርዝሩ ሲጠፋ «ለምን አልተጠራችም» ብላችሁ ከመፃፋችሁ በፊት ጨዋታው የተያዘበትን ቀን ከፊፋ ካላንደር ጋር አመሳክሩት፣ ስልካችሁ ላይ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።